ዓይን የነበረው መርፌ

ያኔ የኦፕራሲዮን መርፌ ዓይን ነበረው። ሐኪሙ እጁን ሲዘረጋ፣ ክር የተሰካበት መርፌ በመያዣው ተነክሶ መዳፉ ላይ መገኘት አለበት። ካልተገኘ ቀና ብሎ ያያል፤ ከጭምብሉ በላይ የሚታዩት ዓይኖቹ ብቻ ናቸው፣ እነሱ ግን ይበቃሉ። ስለዚህ ከጎኑ የምትቆም ነርስ እሱ አንዱን ስፌት ሲያስር የሚቀጥለውን ታሰናዳለች። ጓንቷ በደም ረጥቦ ክሩ እያንሸራተታትም በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ታሾልከዋለች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ክፍል ሥራ ስጀምር ከሁሉ በፊት የተማርኩት ይህንን ነው።

ክሩ በጥቅል የሚመጣ ጥቁር ሐር ነበር። በልኩ እንቆርጠዋለን፣ በጨርቅ እንጠቀልለዋለን፣ ከጎዙና ከአንሶላው ጋር በብረት ድራም ከትተን በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው አውቶክሌቭ ውስጥ እናስገባዋለን። ሥጋ ውስጥ ሟምቶ እንዲጠፋ ለሚፈለገው ስፌት ደግሞ ካትጋት ነበረ፤ ከበግና ከከብት አንጀት ተሠርቶ፣ አልኮል በሞላበት ብልቃጥ ታሽጎ የሚመጣ። ብልቃጡን በጎዝ ይዘን ቀጭ እናደርገዋለን። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ይህን ክር በካርቦሊክ አሲድ ነክሮ ከጀርም በማጽዳት ለሐኪሞች አስተማማኝ ያደረገው እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር ነው፤ እሱ ይህን የሠራው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሲሆን እኛ ከመቶ ዓመት በኋላም የምንሰፋው በዚያው ነበር። ጠባዩም ያስቸግራል። በአንዱ በሽተኛ ውስጥ ቁስሉ ሳይጠና ሟምቶ ያልቃል፣ በሌላው ሳይሟሟ ቆይቶ ቁስሉን ያስቆጣል።

ጓንትም ይታጠባል። ከኦፕራሲዮን በኋላ አጥበን፣ በገመድ አስጥተን፣ ሲደርቅ በአየር ነፍተን ቀዳዳ እንዳለው እንፈትሻለን። የተቀደደው ከሌላ ያረጀ ጓንት በተቆረጠ ቁራጭ ይለጠፋል። ከዚያ ታልክ ተነስንሶበት፣ ጥንድ በጥንድ ተጠቅልሎ እንደገና ወደ ድራሙ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ነርሱም የጽዳት ሠራተኛዋም ተማሪውም አንድ ላይ ተቀምጠን ጓንት እየነፋን እንጨዋወት ነበር። ወደ ጓንቱ ጣት ኋላ እመለሳለሁ።

ይህን ስል ያ ዘመን ይመለስ ማለቴ አይደለም። ደጋግሞ የተቀቀለ መርፌ ይደንዛል፤ የደነዘ መርፌ ሥጋን ይቀድዳል እንጂ አይወጋም። ዓይን ባለው መርፌ ላይ ክሩ ታጥፎ ሁለት እጥፍ ስለሚሆን፣ የሚተወው ቀዳዳ ከክሩ ይሰፋል። ለሆድ ቆዳ ይህ ብዙ አይደለም፤ ለደም ሥር ግን በእያንዳንዱ ስፌት ዙሪያ መድማት ነው። ዛሬ ክሩ ከመርፌው ጭራ ጋር ከፋብሪካ ተያይዞ ይመጣል፤ መርፌው ያለፈበትን ቀዳዳ ራሱ ክሩ ይሞላዋል። ሰው ሠራሽ የሆነው የሚሟሟ ክር በስንት ሳምንት ጉልበቱ እንደሚያልቅ አስቀድሞ ይታወቃል። ካትጋት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ በከብቶች የአንጎል በሽታ ስጋት የተነሣ፣ ከአውሮፓ ገበያ ወጥቷል። ኤች.አይ.ቪ. ከመጣ በኋላ ጓንት አጥቦ መልሶ ማጥለቅ ምን ያህል አደገኛ እንደነበር የማያውቅ የሙያ ባልደረባ የለም። አንድ ጊዜ ተጠቅሞ መጣል ብዙ ሰው አድኗል፤ እኛንም ጭምር።

የደም ሥር እንዴት እንደሚሰፋ ለዓለም ያሳየው ሰው ከማን እንደተማረ ባወቅሁ ጊዜ በጣም ነበር የተደሰትኩት። እ.ኤ.አ. በ1894 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሊዮን ከተማ ውስጥ በስለት ተወጉ። ደም ወደ ጉበት የሚወስደው ትልቁ ደም ሥር ተቆርጦ ስለነበር የከተማዋ ሐኪሞች ሊያተርፏቸው አልቻሉም። በዚያን ጊዜ የተበጠሰ ትልቅ ደም ሥር ይቋጠራል እንጂ ይሰፋል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። አሌክሲስ ካሬል የተባለ ወጣት የሕክምና ተማሪ ግን መሰፋት ነበረበት ብሎ ተነሣ። የሄደውም ወደ ፕሮፌሰሮቹ አይደለም፤ ማዳም ሌሩዲየ ወደምትባል የሊዮን ጥልፍ ባለሙያ ነው። ከእሷ የቀጭን መርፌና የቀጭን ሐር አያያዝ ተማረ። መርፌውንና ክሩን በቫዝሊን እያለሰለሰ በእንስሳት ላይ ሞከረ። በ1902 ያሳተመው ዘዴ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ክቡን የደም ሥር አፍ በሦስት ስፌት ይዞ ሲወጥረው ሦስት ማዕዘን ይሆናል፣ ያኔ የሚሰፋው ቀጥ ያለ ጠርዝ ነው። በ1912 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ዛሬም ኩላሊት ሲተከል፣ የልብ ደም ሥር ሲቀጠል፣ መሠረቱ ያ ጥልፍ ነው።

ከእኛም ወገን እንዲህ ያለች ሴት አለች፤ ስሟም በአገራችን ከሚጠራው በላይ ሊጠራ ይገባል። ማሚቱ ጋሼ ከገጠር የመጣችው ታካሚ ሆና ነው፤ በአስቸጋሪ ምጥ ልጇን አጥታ፣ ፊስቱላ ይዟት። ያከሟት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ናቸው። ትምህርት ቤት አልገባችም ነበር። አልጋ በማንጠፍ ጀመረች፣ ቀጥሎ መሣሪያ ማቀበል፣ ቀጥሎ ክር መቁረጥ፣ ቀጥሎ መስፋት። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማት። ፊስቱላን የሚሰፋ ማሽን እስከ ዛሬ የለም። ያለው ክር፣ መርፌና ጠባብ ቦታ የለመደ እጅ ነው።

በሶቭየት ኅብረት የተማሩ ሐኪሞቻችን አንጀትና ሳንባ በአንድ ጭመቃ ስለሚሰፋ መሣሪያ ሲያወሩ ሰምቼ ነበር፤ እውነትም የሞስኮ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይሠሩት ነበር። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ማርክ ራቪች በ1958 ሶቭየት ኅብረት ሄዶ አይቶ አንዱን ይዞ ባይመለስ ኖሮ ምዕራባውያኑ ይዘገዩ ነበር። እኛ ዘንድ አልደረሰም። እኛ የምንሰፋው በእጅ ነው፤ በእጅ የተሰፋውም አብዛኛው ያዘ።

እጅ ያልበቃው ሌላ ቦታ ነበር።

በየሳምንቱ እግር ይቆረጥ ነበር። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው እግሩ ይደነዝዛል፣ ጫማ ይልጠዋል፣ አይሰማውም፤ ሲመጣ ጣቱ ጠቁሯል። ሌላው ሲጋራ ሲያጨስ የኖረ ነው፤ መጀመሪያ ሲራመድ ባቱን ያመዋል፣ ኋላ ተኝቶም ያመዋል። ሐኪሙ በጣቱ የእግሩን ትርታ ይፈልጋል፣ ያጣዋል። ከላይ ጭን ላይ ደም የሚያወርደው ቧንቧ ተደፍኗል። ቦይ ሲደፈን ገበሬ ቦዩን ይጠርጋል እንጂ ማሳውን አይተውም፤ እኛ ግን ቦዩ ጋ የምንደርስበት መሣሪያ ስለሌለን የደረቀውን ቆርጠን እንጥላለን። መጋዙን የማቀብለው እኔ ነኝ። ድምፁን ያልሰማ አይሰማው።

አንድ ከገጠር የመጡ አባት ነበሩ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ደም ግፊታቸውን ስለካ፣ «ልጄ፣ እግሬን የት ታደርጉታላችሁ?» አሉኝ።

«ቤተሰብ ከፈለገ ይወስደዋል፣ አባባ» አልኳቸው።

«እንግዲያስ ለበኩሬ ስጡልኝ። ደብራችን ይቅበረው፤ ኋላ እኔም እከተለዋለሁ።»

አላለቀሱም። ልጃቸው በጋቢ ጠቅልሎ ይዞ ወጣ፤ በር ላይ የቆሙት ሰዎች ምን እንደያዘ ስላወቁ መንገድ ለቀቁለት።

ያ ሁሉ ሲሆን የተደፈነውን ቧንቧ የመክፈቻው መንገድ ከተገኘ ዓመታት አልፈው ነበር። ይህንን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው፤ ያወቅሁ ዕለትም የእኚያ አባት ፊት ነው የመጣብኝ። ጥር 7 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 16 ቀን 1964፣ በአሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ፖርትላንድ ከተማ አንዲት የ82 ዓመት ሴት ተኝተዋል። ጣቶቻቸው ጠቁረዋል፣ ሐኪሞች ይቆረጥ ብለዋል፣ እሳቸው እንቢ ብለዋል። ቻርልስ ዶተር የተባለ የራጅ ሐኪም በቆዳቸው በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብቶ፣ በራጅ እያየ፣ የጠበበውን የጭን ደም ሥር አሳልፎ ሰደደው። በሽቦው ላይ መጀመሪያ ቀጭን፣ ቀጥሎ ወፈር ያለ ቱቦ ገፋበት። ሲጨርስ እግራቸው ሞቀ። ከሁለት ዓመት በላይ በገዛ እግራቸው ሲሄዱ ኖረው፣ ያረፉት በሌላ ሕመም ነው። የአገሩ ቀዶ ሐኪሞች ግን ለረጅም ጊዜ ዶተርን አልተቀበሉትም፤ ዘዴውን አንሥተው ያሳደጉት አውሮፓውያን ናቸው።

የጓንቱ ጣት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቶማስ ፎጋርቲ በሲንሲናቲ ከተማ ከልጅነቱ ጀምሮ ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና ዕቃ እያጠበ፣ ኋላም በኦፕራሲዮን ክፍል መሣሪያ እያቀበለ ያደገ ነው። የእኛ ሥራ ማለት ነው። በእግር ደም ሥር የረጋ ደም ለማውጣት ሐኪሞች እግሩን ከላይ እስከ ታች ሲከፍቱ፣ በሽተኛውም ብዙ ጊዜ ሲሞት ወይም እግሩን ሲያጣ ያያል። በኋላ የቀዶ ሐኪም ጓንት ትንሿን ጣት ጫፍ ቆርጦ፣ በሽንት ቱቦ ጫፍ ላይ አሰራት። አሳ ሲያጠምድ በለመደው ቋጠሮ ነው ያሰራት። ቱቦው በትንሽ ቀዳዳ ይገባል፣ የረጋውን ደም አልፎ ይሄዳል፣ ከዚያ ጣቷ ትነፋለች፣ ሲጎተት ደሙን ጠርጎ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ኩባንያዎች ሊሠሩለት አልፈለጉም፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ግን ዘዴው ታተመ፣ ዛሬም በስሙ ይጠራል። እኛ ከሰዓት በኋላ እየነፋን የምንፈትሻት ያችው የጓንት ጣት ናት። ቁሳቁሱ ቀድሞም በእጃችን ነበር። ያልነበረን ሐሳቡን ወደኛ የሚያደርስ መንገድ፣ ሐሳብ ለሚመጣለት ሰውም ጊዜና ድፍረት የሚሰጥ ተቋም ነው።

ጀርመናዊው አንድሬያስ ግሩንትዚክ ደግሞ በዙሪክ፣ በቤቱ ማድቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ማታ ማታ ጫፉ ላይ የሚነፋ ባሉን ያለው ቱቦ (ካቴተር) ሲሠራ ከረመ። መስከረም 6 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1977 ማለት ነው፣ የ38 ዓመት ጎልማሳ የልብ ደም ሥር ውስጥ አስገብቶ ነፋው፤ በሽተኛው ነቅቶ እያየ። ከ10 ዓመት በኋላ ሲታይ ያ ቦታ ክፍት ነበር። ግሩንትዚክ ግን ያንን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1985 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በባሉን የተከፈተው ቧንቧ መልሶ ሲጠብ፣ በ1986 ቱሉዝና ሎዛን ላይ ስቴንት የሚባለው የብረት መረብ ውስጡ መቀመጥ ጀመረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መረቡ ራሱ መድኃኒት እየተቀባ መጣ።

ታናሽ ወንድሜ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። አንድ ማታ ሥራ ላይ ሳለ ደረቱን አፈነው፣ ላብ አጠመቀው። አምቡላንስ መጣ፤ መኪናው ውስጥ ሳለ የልቡ ኢ.ሲ.ጂ. ተነሥቶ ወደ ሆስፒታሉ ቀድሞት ደረሰ። በእጁ አንጓ በኩል ገብተው ስቴንት አስቀመጡለት። በማግስቱ ራሱ ደወለልኝና የተቀበለችው ነርስ አማርኛ ተናጋሪ እንደነበረች፣ «አይዞህ ወንድሜ» እንዳለችው ነገረኝ። የሥራው ሰው ስለሆንኩ ዝርዝሩን ጠየቅሁት፤ እሱም እሷን ጠይቆ ነገረኝ። በጭን በኩል የገቡ እንደሆነ ድሮ አንድ ነርስ ለብዙ ደቂቃ በእጇ ተጭና ታቆም ነበር፣ በሽተኛውም ለሰዓታት በጀርባው ይተኛል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን በዚያው በቆዳ ቀዳዳ ገብቶ የደም ሥሩን ግድግዳ በክር የሚሰፋ መሣሪያ አለ። ሐኪሙ ስፌቱን አያየውም፤ ቋጠሮውን ከውጭ ገፍቶ ያጠብቀዋል፣ ሰውየውም ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይነሣል። ካሬል ከጥልፍ ባለሙያዋ የተማረው ስፌት ዛሬ እዚህ ደርሷል።

የእኛም አገር ባለበት አልቆመም፤ ያንን መካድ ነውር ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ ብዙ ዓመት ደጅ ጠንተው፣ ሳንቲም በሳንቲም ለምነው፣ የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከሉን በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ግቢ አስከፍተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ የልብ ደም ሥር በባሉን ከፍተው ስቴንት የሚያስቀምጡ የእኛው ልጆች አሉ። እኔ ሥራ ስጀምር ለልብ ሕመም የነበረን አልጋ፣ ሞርፊንና ጸሎት ነበር። ባለጸጋውም ድኻውም በዚያው አልጋ ላይ ነው የሚሞተው። አሁን ዕቃው አለ። ግን በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ዋጋው የአብዛኛውን ቤተሰብ አቅም ያልፋል፣ ከአዲስ አበባ የራቀው ደግሞ ገንዘቡ ቢኖረውም ሰዓቱ አይበቃውም። ድሮ በሌለ ነገር እናዝን ነበር፤ አሁን የምናዝነው ባለ ነገር ነው። ይኼኛው ይብሳል።

ስቴንቱስ ይቅር፣ ውድ ነው እንበል። በቅርቡ የጎረቤቴን ልጅ ለኦፕራሲዮን አጅቤ አንድ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ልጅቷ አልጋ ላይ ተዘጋጅታ ሳለ አንዲት ወጣት ነርስ ወረቀት ይዛ ወጣች። ፊቷ ላይ ሐፍረት ይታያል። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቪክሪልና አንድ ፕሮሊን የሚባል የስፌት ክር፣ ሦስት ጥንድ ጓንት ተጽፏል፤ ከውጭ ፋርማሲ ተገዝቶ ይምጣ። አባትየው ኪሱን ዳሰሰ፣ ለእህቱ ደወለ፣ ሮጦ ወጣ። የመጀመሪያው ፋርማሲ አንዱን አጣ፣ ሦስተኛው ላይ ተገኘ። እኔ በሠራሁበት ክፍል መርፌው ደንዞ፣ ጓንቱ ተለጥፎ ያውቃል፤ አስታማሚ ክር ፍለጋ ሲሮጥ ግን አላየሁም። የእኛ ክር ደካማ ነበር፣ መደርደሪያው ላይ ግን ነበረ። ያቺን ነርስ አልወቅሳትም፤ እሷ ባዶ መደርደሪያ ተረክባ ነው። ክርና ጓንት ከኦፕራሲዮን ክፍል እንዳይጠፋ ማድረግ የሚችለው በጀት የያዘው ክፍል ነው፤ አዲስ ማሽን ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጡት ኃላፊዎች በዚያው ቀን የክሩን መደርደሪያ ከፍተው እንዲያዩ እለምናለሁ።

ሰፈራችን ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ መምህር ነበሩ። ካገራችን ግማሹን ፊደል ያስቆጠሩ ይመስለኛል። አንድ ማታ እራት በልተው ሲነሡ ደረታቸውን ያዛቸው። «ጨጓራዬ ነው» አሉ፤ ቤቱም ጨጓራ ነው ብሎ ተልባ በጠበጠ። ሲያልባቸው ደግሞ ብርድ ነው ተባለ፣ ጋቢ ተደረበ። ሌሊት ታክሲ ከማስቸገር ሲነጋ ይሄዳሉ ተባለ። ሲነጋ እኔም እንደ ጎረቤት ለለቅሶ ሄድኩ። ከቤታቸው በመኪና ሩብ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ባሉን የሚነፋበት ክፍል አለ።

የልብ ጡንቻ ደም ከተቋረጠበት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መሞት ይጀምራል። ስለዚህ ነው በሽተኛው ሆስፒታል በር ከረገጠ በ90 ደቂቃ ውስጥ ቧንቧው መከፈት አለበት የሚባለው። እዚያ በር ላይ በጊዜ ለመድረስ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነገር ዕቃም ገንዘብም አይደለም፤ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሕመሙን ማወቁ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ አባትና እናት ቤት ያላችሁ፦ ደረትን የሚጫን ወይም የሚያፍን ሕመም ከመጣ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ላብና ማቅለሽለሽ ከተከተለው፣ ወይም ከጥቂት ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ተልባ አትበጥብጡ። ስኳር ባለባቸውና በሴቶች ላይ ሕመሙ እንዲህ ጎልቶ ላይሰማ፣ ድካምና ትንፋሽ ማጠር ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ወደሚቀርባችሁ ሆስፒታል ውሰዷቸው፤ ስትደርሱ የልብ ኢ.ሲ.ጂ. ይነሣልን በሉ፣ ቆዩ ብትባሉም ደግማችሁ በሉ። እስኪነጋ አትጠብቁ።